የቀለበቶቹ ጽዋ

የቅዳሴው ጽዋ መጥፋቱን መጀመሪያ ያወቁት የቅድስት ኤባ ቤተ ክርስቲያንን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁት ሚስ ማሎሪ ናቸው። የሻማ በዓል ምሽት ነበር። ሕዝቡ ሻማ ይዞ ሊዞር፣ መዘምራኑ ነጭ ለብሰው ሊሰለፉ ጥቂት ሲቀር እርሳቸው ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው የዕቃ ቤቱን ካዝና ከፈቱ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሚስ ማሎሪ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብሎ ያስነጠሰን ሰው እንኳ ዞር ብለው በዓይናቸው የሚገርፉ ሴት ናቸው። ያን ዕለት የጮኹት ጩኸት ግን ውጭ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር አሮን ፈርዝ ከሳጅን ሚድግሊ ጋር ሲደርስ ቅድስት ኤባ ጢም ብላ ሞልታ ነበር። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሻማቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ፖሊሶቹን ዝም ብለው ያያሉ። ፈርዝ ከገጠር ወደ ሊድስ ከተዛወረ ገና አንድ ክረምት አልሞላውም። ያደገው ደግሞ ከነጭ ግድግዳና ከመዝሙር ሌላ ጌጥ በማያውቅ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነው። እዚህ ግን በቀይና በጥቁር ጡብ የተዥጎረጎረ ግድግዳ፣ አንገት የሚያሳምም ረጅም ዓምድ፣ ከላይ የተሰቀለ ትልቅ መስቀል፣ በየጥጉ የሚበራ መብራት፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ዕጣን አለ።

“እነዚህ ሰዎች የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ወይስ የሮማ?” ሲል ሳጅኑን በሹክሹክታ ጠየቀው።

“የእንግሊዝ ናቸው፣ ጌታዬ። ብቻ ነገሩን ከሌላው አጥብቀው ነው የያዙት።”

ሚስ ማሎሪ ዕቃ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጓንታቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያጠልቃሉ።

“ከሰዓት በኋላ ወልውዬ ካዝናው ውስጥ አስገባሁት። ቆለፍኩ። ሻይ ልጠጣ ቤቴ ሄድኩ። ስመለስ የለም።”

“ምን ይመስላል?”

“ብር ነው፣ በወርቅ የተለበጠ። እግሩ ዙሪያውን ቀለበት ነው።”

“የምን ቀለበት?”

“የእናቶቻችን ነዋ!” አሉ፤ ይኼን የማያውቅ ሰው ሊድስ ውስጥ መኖሩ ገርሟቸው።

ነገሩን ያስረዱት የአጥቢያው ካህን አባ ኮርቤት ናቸው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የቀሚሳቸው ክርን ተጥፏል። ከሰማንያ ዓመት በፊት ፈንጣጣ ይህን ሰፈር ሲያጭደው ሐኪም እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይጮህ ነበር እንጂ አይገባም ነበር። የገባው የአጥቢያው የመጀመሪያ ካህን አባ ስቴድማን ብቻ ነው። የታመመ አጥቧል፣ የሞተ ተሸክሟል። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሴቶቹ ምን እናድርግለት ተባባሉ፤ ከጣታቸው ላይ ካለው ሌላ ነገር አልነበራቸውም። የወርቅ ያላት ወርቋን፣ የነሐስ ያላት ነሐሷን አወጣች። አንጥረኛው አንዱንም አልጣለም፤ ሁሉንም ጽዋው እግር ላይ ደረደረው።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሻማ አበራህ፣ ዕጣን አጠንህ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረህ ቀደስህ ብለው ከሰሱት። አልተውም ሲል አሰሩት። እንደዚያ ነበር ጊዜው።” አባ ኮርቤት ፈገግ አሉ። “ስለዚህ እኛ እዚህ እስረኛ አንንቅም። የዚህ አጥቢያ ካህን በየዓመቱ ወደ እስር ቤቱ በር ይሄዳል። የሚቀበለው የሌለው ሰው ከወጣ ይዞት ይመጣል።”

“የካዝናው ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?”

“የቆቤ ሣጥን ውስጥ።”

“ማን ያውቃል?”

አባ ትንሽ አሰቡ። “ማን የማያውቅ አለ?”

ሳጅን ሚድግሊ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቀጥሎም፣ አሁን ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርገውና የሚጠብቀው ሰው ኢኖክ ፔል ይባላል ሲሉት ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

“ኢኖክ ፔል? የእርሳስ ቆርቆሮ ሌባው? የዚህኑ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ልጦ የሸጠው?”

“እሱ ራሱ” አሉ አባ። “ስድስት ዓመት ሆነው ከእኛ ጋር። ጣሪያውን ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም።”

ኢኖክ አምሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የሰፋ፣ እጁ የሻከረ ሰው ነው። ፈርዝ ፊት ቆቡን ይዞ ቆመ።

“ከሻይ ሰዓት እስከ ምሽት የት ነበርክ?”

“ሰሜኑ በር ላይ። እርጥበት አብጦት አልዘጋ ብሎ ነበር። መዝጊያውን ነቅዬ ስልገው ነበር።”

“ዕቃ ቤት ገብተሃል?”

“አልገባሁም።”

ሳጅን ሚድግሊ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ በሰዓቱ ሰንሰለት ላይ ዛሬም ኮምፓስ ያንጠለጥላል፤ ምክንያት ሲያገኝ ማውጣት ይወዳል። በማግስቱ ጠዋት ይዞት ወጣ። ሌሊቱን የወረደው ጭጋግ ከፋብሪካው ጭስ ጋር ተላቁጦ የራስን እጅ አያሳይም። ቀጭኑ ቀስት ወዳመለከተው በር ሄደ፤ በሩ ከውስጥ በመወርወሪያ ተዘግቷል፣ የሸረሪት ድር ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። ከበሩ ፊት ለፊት የጫማ ሰፊው ሆብሰን ሱቅ አለ።

“እዚህ በር ላይ ትናንት ሰው ሲሠራ አይተሃል?”

“እዚህ በር ላይ?” ሆብሰን ምስማሩን ከአፉ አወጣ። “እዚህ በር ላይ ሰው ካየሁ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።”

ፈርዝ ይህን ሲሰማ ኢኖክን ጠራው። “ዋሽተሃል” አለው። ኢኖክ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወዲያ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ሻይ ቢያቀርቡለት ቃል አልወጣውም። ማምሻውን ወደ ጣቢያ ወሰዱት።

በማግስቱ የቀረውን ያሟላው ሚስተር ቬይን ነው። ቬይን ስለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያናት ሕንፃ ለሚዘጋጅ መጽሐፍ ፎቶ ሊያነሳ ሳምንቱን ሙሉ ቅድስት ኤባ ሲመላለስ የከረመ፣ ጥሩ ኮት የሚለብስ፣ ለሴቶቹ በር የሚከፍት ሰው ነው። ራሱ ነው በእግሩ ወደ ጣቢያ የመጣው።

“ሰው ላይ መመስከር አልወድም፣ ኢንስፔክተር።”

“ይናገሩ፣ ግድ የለም።”

“ከሻይ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምዕራባዊው መስኮት ሥር ነበርኩ። ያን መስኮት አይተውታል? የግንበኛው ሥራ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ብርሃኑ ወለሉን እስኪያቋርጥ ጠብቄ አነሳሁ። ያኔ ነው ኢኖክ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባ ያየሁት። ሲወጣ ኮቱ ሥር የሆነ ነገር ይዞ ነበር።”

ፎቶውንም ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ውብ ፎቶ ነው። ትልቁ ክብ መስኮት ነድዷል፤ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ በወለሉ ላይ ረጅም ብርሃን ዘርግታለች፣ ዓምዶቹ ጥላቸውን እስከ መሠዊያው ደረጃ ወርውረዋል።

“የምሽት ፀሐይ” አለ ሚድግሊ አድንቆ።

“የበዓሉ ዕለት” አለ ቬይን። “ከዚያ ወዲህ እንደሚያዩት ጭጋግ ነው።”

ቬይን ሲወጣ ሳጅኑ እጁን አፋተገ። “አለቀ፣ ጌታዬ። ሌባውን ቁልፍ አስይዘው ተኙ፣ ነቁ፣ ጽዋው የለም። ምን ይገርማል?”

ፈርዝን የገረመው ሌላ ነው። የጣሪያውን እርሳስ የገፈፈ ዕለትም የኢኖክ ጥፋት የመጀመሪያው አልነበረም፤ አሁን ከተከሰሰ ዳኛው አይራራለትም። እስር ቤት ገብቶ የሚወጣው ጥርሱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን እያወቀ አፉን የሚዘጋ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ክሱ በማግስቱ ጠዋት ሊጻፍ ነው። ሳይጻፍ በፊት ለካህኑ በአካል መንገር ተገቢ ነው ብሎ ከሰዓት በኋላ ሚድግሊን ይዞ ተነሳ። ተገቢ ነው ያለው ለራሱ ነው፤ እውነቱ ግን ነገሩ ስላልተዋጠለት ነው።

አባ ኮርቤት ለሠርክ ጸሎት እየለበሱ ነበር።

“ጠየቃችሁት?”

“ጠየቅነው። ዋሸን።”

“ኢኖክ?” አባ ከልባቸው ሳቁ። “ኢኖክ ይሰርቅ ይሆናል፣ ልጄ፣ አይዋሽም። የጣሪያዬን ቆርቆሮ የወሰደ ዕለት ፖሊሱ ‘አንተ ነህ ወይ?’ ቢለው፣ ‘አዎ፣ የቀረውንም ነገ ልወስድ ነበር’ ነው ያለው። ተቀመጡ እስቲ፣ ጸሎቱ አጭር ነው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።”

ፈርዝ ከኋላ ተቀመጠ። ከሚስ ማሎሪ ጋር አራት አምስት አሮጊቶች አሉ፤ በሁለት ረድፍ እርስ በርስ ተያይተው ቁመዋል። መዝሙሩ አለቀ። ጸሎተ ሃይማኖት ሊሉ ሲጀምሩ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ወደ መሠዊያው ዞሩ። ልክ በዚያን ጊዜ ጭጋጉ ከውጭ ተገፈፈና ከመሠዊያው በላይ ባለው መስኮት ቀይ ፀሐይ ገባች። ፈርዝ ዓይኑን በእጁ ጋረደ።

ጎንበስ ብሎ ከፊቱ ለነበሩት ሚስ ማሎሪ “ወዴት ነው የዞራችሁት?” አላቸው።

“ወደ ምሥራቅ ነዋ! ጸሎተ ሃይማኖት በየት ዞረው ነው የሚሉት?”

“ፀሐይ እኮ በዚያ በኩል እየጠለቀች ነው።”

“እሱ የፀሐይዋ ጉዳይ ነው” አሉ ሚስ ማሎሪና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ሚድግሊ ኮምፓሱን አወጣ። አየው። ነቀነቀው። እንደገና አየው። ፈርዝ ግን ኮምፓስ አላስፈለገውም፤ ፊቱ ላይ ያረፈው ሙቀት በቂ ነው። ጸሎቱ የሚያልቅ አልመስል አለው።

“አባ” አለ ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ለሜቶዲስት አፍ የማይመቸውን ቃል ሳያስበው፣ “ይህ ቤተ ክርስቲያን ወዴት ዞሮ ነው የተሠራው?”

“አይ፣ እሱ!” አሉ አባ ልብሳቸውን እያወለቁ። “የመሬቱ ጌታ ለአባ ስቴድማን ማንም የማይፈልጋትን ቁራሽ ነው የሸጠለት፤ በሁለት ጠባብ መንገድ መካከል የተሰነቀረች። ግንበኛው መጥቶ ‘መሠዊያው ምዕራብ ላይ ካልሆነ አይገባም’ አለ። አባ ስቴድማን ደግሞ ‘አስገባው፤ መሠዊያው ያለበት ምሥራቅ ነው’ አለው። ስለ ምሥራቅ የታሰረ ሰው ነው፣ ማን ይከራከረዋል? እኛም ያንን ይዘን ቀረን። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራኑ ይቸገራሉ።”

“ሰሜኑ በርስ?”

“ወደ መሠዊያው ሲዞሩ በግራ በኩል ነዋ።”

ሚድግሊ ጉሮሮውን ጠረገ። “ደቡብ ነው፣ ጌታዬ። ቅልጥ ያለ ደቡብ።”

ሦስቱም በግራ በኩል ወጡ። በሩ ቦታው ላይ የለም፤ መዝጊያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ አንዱ ጠርዙ ተልጎ ነጭ ሆኗል፣ ሥሩ የእንጨት ፍቅፋቂ ተከምሯል። ከመንገዱ ማዶ የሂልዳ ክላፍ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት አለ። ሂልዳ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ገና ሳይጠይቋት ትጠብቃቸው ነበር።

“መጣችሁ? እኔ እኮ ፖሊስ ዓሣ አይበላም እንዴ እያልኩ ነበር።”

“እመቤቴ፣ በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚህ በር ላይ ሰው አይተሻል?”

“ኢኖክን ነዋ! ተማሪዎች ከተለቀቁ ጀምሮ መንገድ መብራት እስኪበራ ድረስ ሲፈቀፍቅ፣ ሲለካ፣ ሲያፏጭ። ፉጨቱ ደግሞ አይጣል ነው። ድንች ወስጄለት ቁሞ በላ፤ ኮምጣጤ አነሰው ብሎ መልሶ ላከኝ። እኔን! በገዛ ሱቄ!”

“በመካከል ወደ ውስጥ አልገባም?”

“ዘይት ላይ የቆመች ሴት ከመስኮቷ ሌላ ምን ታያለች? አልገባም።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘሽ ለምን ዝም አልሽ?”

“ማን ጠየቀኝ?” ሂልዳ ድምጿ ተለወጠ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ትናንት ማታ ወሰዱት አሉኝ፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተውኩት። እኔ የድንች ሻጭ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ፖሊስ መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ ከደጅ አልጠፋሁም። የእናቴ እናት ቀለበት እዚያ ጽዋ ላይ አለ እኮ።”

ፈርዝ አፈረ። አንድ መንገድ ተሻግሮ መጠየቅ ያቃተው እሱ ነው። ሂልዳን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገናት፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ተመልሶ ከትልቁ ክብ መስኮት ሥር ቆመ። ሊመሽ ነው፣ ፀሐይ ከመሠዊያው በኩል ገና አልጠፋችም፤ ይኼኛው መስኮት ግን ጨልሟል።

“ሚስ ማሎሪ፣ ይህ ምዕራባዊ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው መቼ ነው?”

“በማለዳው ቅዳሴ። በጠዋት ዓይኔን እያጠፋ መጽሐፌን አያስነብበኝም።”

ፈርዝ ፎቶውን ከኪሱ አውጥቶ ለሚድግሊ ሰጠው። ሳጅኑ አንድ ጊዜ ፎቶውን፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን አየ፤ ቀስ ብሎም ፊቱ ቀላ።

ቬይን በተከራየበት ክፍል ውስጥ ሻንጣውን እያሰረ አገኙት።

“ሚስተር ቬይን፣ ያችን ፀሐይ እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።”

“ነገርኩዎ እኮ። ስትጠልቅ አነሳኋት።”

“በዚያ መስኮት?”

“በምዕራባዊው መስኮት።”

“ያ መስኮት የሚያየው ፀሐይ መውጫን ነው። እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ከርመው ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም። ፎቶው የጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነበር፤ ኢኖክ ውጭ ነው፣ ሚስ ማሎሪ ሻይ ላይ ናቸው። የቆቡን ሣጥን ማን ከፈተው?”

ቬይን ትከሻውን ነቀነቀ። “የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምዕራብ ነው የሚለው። ፎቶውን ለእነሱ ባሳይ ይስቁብኝ ነበር። እርስዎ ግን ዕጣኑ ሲሸትዎ አፍንጫዎን እንዴት እንደያዙ አይቻለሁ። የጸሎት ቤት ሰው ነዎት። ምዕራብ ከተባለ ምዕራብ ይላሉ ብዬ ነበር።”

“ብዬም ነበር” አለ ፈርዝ። “የካሜራውን ሣጥን ክፈተው፣ ሚድግሊ።”

ጽዋው በካሜራው ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፎቶ መስታወቶቹ ሥር ተኝቷል። አንድ ቀለበት አልጎደለውም። ፈርዝ አንስቶ መብራቱ ሥር አዞረው። አንዳንዶቹ ከመሳሳታቸው የተነሳ ክር ይመስላሉ፤ አንዱ ነሐስ አረንጓዴ ሆኗል፤ አንዱ የልጅ ጣት የማያስገባ ጠባብ ነው። ያላያቸውን፣ ስማቸውን የማያውቃቸውን ሴቶች በልቡ አመሰገነ።

ኢኖክን ከእስር ክፍሉ ሲያመጡት ጽዋው የፈርዝ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኢኖክ ሲያየው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“ይኼ ነው?” አለው ፈርዝ።

“እሱ ነው። በባዶ እጅዎ ያዙት እንዴ?”

ፈርዝ እጆቹን ተመለከተ። “እንዴት ነበር መያዝ ያለበት?”

“እኔ እንጃ። ካህን ነው የሚይዘው። ሚስ ማሎሪም በጓንት ነው። እኔ ይዤው አላውቅም።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ?”

“ካዝናው ሲከፈት ዞር እላለሁ።”

ፈርዝ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። “በድያለሁ፣ ኢኖክ። ይቅርታ አድርግልኝ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ሰሜኑ በር ስትል የሂልዳ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ነው ብትለኝ ትናንትናውኑ ቤትህ ታድር ነበር። ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?”

ኢኖክ ቆቡን በእጁ አዞረው። “አባ ከእስር ቤቱ በር ላይ ሲቀበሉኝ ‘ከእንግዲህ ትሰርቃለህ?’ ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። አልሰርቅም አልኩ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም። እርስዎ ዋሽተሃል ሲሉኝ፣ ያ ሁሉ ስድስት ዓመት ባዶ ሆነብኝ። ደግሜ የምናገርበት ጉልበት አጣሁ።”

ሚድግሊ መኪናውን ላስነሳ ሲል ኢኖክ ጽዋው በመኪና አይንገጫገጭም አለ። የአንገት ልብሱን ፈትቶ እጆቹን እስከ ክርኑ ጠቀለላቸው፤ ፈርዝ ጽዋውን አንስቶ በጨርቁ ላይ አኖረለት። በእግር ወጡ። ዋናው መንገድ ላይ ሰው ከፋብሪካ የሚወጣበት ሰዓት ነበር፤ ፈርዝ ከፊት ቀድሞ ገባና ኮንስታብል ሳለ እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ አውቶቡሶቹን አቆመ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ሊሳደብ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰውና የያዘውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

በመንገዱ ዳርና ዳር ሴቶቹ ከየደጃቸው ወጡ። ሂልዳ በሽርጧ ፊቷን ታብሳለች፤ የሚያጨበጭብ የለም፤ “አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ” የሚል ድምፅ ብቻ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። አባ ኮርቤት ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ኢኖክ ወጣ፣ ተንበረከከ፣ የተጠቀለሉትን እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። እንባው ጺሙን አርሶታል።

“አባ፣ አልነካሁትም” አለ።

“እኔ መች ጠየቅሁህ፣ ልጄ?” አሉ አባ፣ ጽዋውንና እጆቹን አንድ ላይ ተቀብለው።